ለልጄ ቀለብ ማስረጃ ስፈልግ

የልጄ አባት በመጀመሪያው ቀጠሮ ችሎት ፊት ቆሞ፣ «ይህቺን ሴት በዓይን አውቃታለሁ እንጂ አላገባኋትም፤ ልጅቱም የኔ አይደለችም» አለ።

ልጅቱ አንድ ዓመት ከአራት ወሯ ነበር፤ ጀርባዬ ላይ ታዝላ ተኝታለች። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጂንካ ገበያ ዳር በተከራየሁት የስፌት መኪና ልብስ እየሰፋሁ ነበር የምንኖረው። ከዚያን ቀን በፊት የፍርድ ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «ማስረጃ አለሽ?» ሲሉኝ ጀርባዬ ላይ የተኛችውን ልጄን አሳየኋቸው። «የሰነድም የሰውም ማስረጃሽን ይዘሽ ቅረቢ» ብለው የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡኝ።

እሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው። ሁለት ዓመት ተኩል አብረን ከኖርን በኋላ፣ ልጅቱ ስድስት ወር ሲሆናት ወደ ዲመካ ተዛወረ። መጀመሪያ ይመላለስ ነበር፤ ኋላ ላይ ቀረ። የጋብቻ ወረቀት አልነበረንም። በተጋባንበት ዓመት ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ትእዛዝ ታሽጎ፣ ሰዉ በየቤቱ ተደብቆ ነበር የሚጸልየው። ሽማግሌ ላከ፣ አባቴ ፈቀደ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁን፤ በቃ። ማን ፈርሞ ማን ማኅተም ይመታል?

ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጪ፣ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ጡረተኛ ወታደር ነበሩ። ክሴን የጻፉልኝ እሳቸው ናቸው። እያለቀስኩ ስመጣ አላባበሉኝም።

«ተቀመጪ። ልጅቱ የት ተወለደች?»

«ጤና ጣቢያ ነው ጋሼ። ግን ካርዷ ጣሪያው ሲያፈስ ርሶ ተበላሸ።»

«መዝገቡ እዚያ አለ። ሽማግሌ ከሆኑት ውስጥስ ማን አለ?»

ከሦስቱ አንዱ ሞተዋል። ሁለተኛው የሱ አጎት ናቸው። ሦስተኛው አልዱባ የሚኖሩ ማር ነጋዴ ናቸው።

«እንግዲህ ለቅሶውን ተይና ሂጂ» አሉኝ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የጤና ረዳቱ ድሬሰር መዝገቡን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ ፈለገልኝ። የኔ ስም አለ፤ የተወለደችበት ቀን አለ፤ የአባት ስም በሚለው ቦታ ግን ሰረዝ ብቻ ነው። ምጤ የመጣ ቀን እሱ መኪና ይዞ መንገድ ላይ ነበር፤ አዋላጇ ደግሞ አባትየው ካልቀረበ አትጽፍም። ድሬሰሩ ፊቴን አይቶ፣ «ቢያንስ ቀኑን ልጻፍልሽ» ብሎ በማኅተም ሰጠኝ። ተቀበልኩት እንጂ ልቤ አልሞላም።

በገበያው ቀን ልጄን አዝዬ በጭነት መኪና አልዱባ ወረድኩ። ሽማግሌውን ቅሎቻቸውን ደርድረው ማር ሲሸጡ አገኘኋቸው። የኛው የአሪ ሰው ስለሆኑ በቋንቋችን ነው ያወራነው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«በሱ መኪና ስንት ጊዜ ማር አመላልሻለሁ! አሁን ፊቱ ቆሜ ልወንጅለው?»

«አባባ፣ ይወንጅሉት አላልኩም። ያን ቀን የት እንደተቀመጡ፣ ምን እንደሰሙ ብቻ ይናገሩልኝ።»

አንዲት ገዢ መጣች፣ ሸጡላት፣ ሄደች። እኔም ከአጠገባቸው አልተነሳሁም። ልጄ ነቅታ መነጫነጭ ስትጀምር ጣታቸውን ማር ነክረው አላሷትና ስሟን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ትኩር ብለው አዩዋት።

«ይህን ስም እሱ ነው ያወጣላት። ቤቴ መጥቶ በደስታ ነግሮኛል» አሉ። ቀጥለውም፣ «እመጣለሁ። ግን አማርኛዬ እንደማይሆን ታውቂያለሽ።»

«አስተርጓሚ አለ አባባ።»

ስመለስ በደስታ መሬት የረገጥኩ አይመስለኝም ነበር። ጋሼ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥሩ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ግን አይበቃም። የሱ እጅ ያረፈበት ወረቀት ቢገኝ ነበር።» እስክሪብቶአቸውን ጥርሳቸው ላይ እያንኳኩ ቆዩና፣ «ስኳርና ሳሙና በራሽን ከቀበሌው ሱቅ ስትወስዱ በማን ስም ነበር?»

«በሱ ስም።»

«ቤተሰብ አስመዝግቦ ነው ወይስ ብቻውን?»

ያኔ ትዝ አለኝ። ልጅቱ ክርስትና ስትነሳ... ሳይሆን፣ እኛ ጸሎት ቤት ሕፃን ክርስትና አይነሳም፤ በተወለደች በወሩ ገደማ ነው፣ ስኳሩ እንዲጨመርልን ራሱ ቀበሌ ሄዶ አስመዝግቧት ነበር!

ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። የሱቁ መዝገብ ያዥ፣ ኮስታራ ሴት፣ «ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መዝገብ አላወጣም» አለችኝ። ጋሼ ማመልከቻ ጻፉ፤ ዳኛው ትእዛዝ ሰጡ፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ነው እየተባለ ሁለት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ሴትየዋ መዝገቡን ገለጠችና ወደኔ አዞረችልኝ።

«አንብቢው» አለችኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ቀስ ብዬ አነበብኩ። የቤተሰብ ኃላፊ፤ የሱ ስም። ባለቤት፤ የኔ ስም። ከሥሩ በሌላ ቀለም፣ ሴት ልጅ፤ የልጄ ስም። ከጎኑ የሱ ፊርማ። እንባዬ መዝገቡ ላይ እንዳይንጠባጠብ ወደኋላ አልኩ። ሴትየዋ ግልባጩን ራሷ ጽፋ፣ አስፈርማና ማኅተም አስመትታ ሰጠችኝ።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌው ኮት ተውሰው ለብሰው ከኔ ቀድመው ደርሰዋል። በአስተርጓሚ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ ያዩትን ተናገሩ። እሱ መሬት መሬት እያየ ሰማቸው። ከዚያ ዳኛው ግልባጩን አንብበው፣ በትእዛዛቸው ከቀበሌው የመጣውን ዋናውን መዝገብ አሳዩት።

«ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለ።

«ለስኳር ሲሆን ልጅህ ናት፣ ለቀለብ ሲሆን ግን አይደለችም?»

ከኋላ ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እሱም «ልጄ ናት» አለ፤ ድምፁ ሊሰማ አልቻለምና ዳኛው አስደገሙት። በየወሩ ከደመወዙ ላይ በመሥሪያ ቤቱ በኩል እንዲቆረጥ ተወሰነ።

በሩ ላይ መጀመሪያ ሽማግሌውን ትከሻቸውን ስሞ ሰላም አለ። እሳቸውም አልራቁትም። ከዚያ ወደኔ መጣ።

«ልያዛት?»

ልቤ እንቢ እያለ ሰጠሁት። ልጅቱ አላወቀችውም፤ ጮኸች፤ መለሰልኝ። በወሩ ግን ሊያያት ከዲመካ መጣ፤ በሚቀጥለውም እንደዚሁ። እኔና እሱ ዳግም አንድ ቤት አልገባንም፤ አልፈለግኩምም። እኔ ስፌቴን ቀጠልኩ። ክስ ያሰቡ ሴቶች እየመጡ ማስረጃ ከየት እንደሚገኝ ሲጠይቁኝ ሥራዬን አቁሜ እነግራቸዋለሁ። ዓመት ሳይሞላ ልጅቱ እሱን ስታይ ማልቀስ ትታ ነበር።