ማቀዝቀዣ የተከለከለው የሸኮ ዝንጅብል

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ፋብሪካ የለበትም፤ ማስታወቂያ የለበትም። ያለው የእናቴ ድስት፣ ከቆራሌ የተገዛ ባዶ ጠርሙስና የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን አንድ የክፍሌ ልጅ «እናንተ አገር ከቡና ሌላ ምን ተሠርቶ ያውቃል?» አለኝ። አሁን እየመለስኩለት ነው።

እናቴ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ለስላሳ ትሠራ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤታችን ከሸኮ ወረዳ የሚመጣውን ዝንጅብል ገበያ ወጥታ ትገዛለች። አጥባና ወቅጣ ትቀቅለዋለች፤ ሲበርድ በነጭ ጨርቅ ታጠለውና ማር ትበጠብጥበታለች። ታሽጎ ሁለት ቀን ካደረ ራሱ ጋዝ ያበጃል፤ ሲከፈት ይፍለቀለቃል። ከዚያ በላይ በሙቀት ከቆየ ግን ጋዙ እየበዛ ይቆጣል። እኔ ከደብተሬ ወረቀት እየቀደድኩ በሰማያዊ እስክሪብቶ «የሸኮ ዝንጅብል ለስላሳ» ብዬ እጽፍና በዱቄት ሙጫ እለጥፋለሁ። በሚዛን ዝናብ ወረቀቱ ቶሎ ይረግፋል፤ ደግሜ እጽፋለሁ።

የምንሸጠው መናኸሪያው በር ላይ ባለ ሱቅ ነበር። ጋሼ የምንለው ባለሱቅ ማቀዝቀዣው ውስጥ አንድ መደርደሪያ ለቆልን ነበር። ማቀዝቀዣው ግን የእሱ አይደለም፤ የአንድ ለስላሳ ፋብሪካ ወኪል የፋብሪካውን ምርት ብቻ እንዲሸጥበት ያስቀመጠው ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ እናቴን ላስደስት ብዬ ጠርሙሶቹን እስከ አፋቸው ሞላኋቸው፤ ቡሹም እንዳይወልቅ በእንሰት ቃጫ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። በዚያው ሳምንት መብራት ሦስት ቀን ጠፋ። ማቀዝቀዣው ሞቀ፤ ጠርሙሶቹ እየተከታተሉ ፈነዱ። የፋብሪካው ለስላሳ በሙሉ በማርና በዝንጅብል ታጠበ።

ወኪሉ የደረሰው እኔና እናቴ ስብርባሪውን ስንጠርግ ነው።

«ስማ፣ ይሄን የሳል መድኃኒት ከማቀዝቀዣዬ አውጣልኝ» አለው ጋሼን። «አለዚያ ማቀዝቀዣውን ጭኜ እሄዳለሁ።»

«መድኃኒት መሆኑን ቀምሰህ ነው ያወቅኸው?» አለች እናቴ።

«እትዬ፣ እኔ ቦምብ አልጠጣም።»

የመኪና ረዳቶች ሳቁ። እናቴ ከተረፉት አንዱን ከፍታ ለወኪሉ ሾፌር ሰጠችው። ሾፌሩ አለቃውን ገረፍ አድርጎ አየና በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። «ሌላ የለም?» አለ። ሳቁ ባሰ።

ሳቁ ግን መደርደሪያችንን አላስመለሰልንም። ጋሼ መሬት መሬቱን እያየ «እትዬ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» አለ። እናቴ አልተቆጣችውም። የተረፉትን ጠርሙሶች በሳፋ ይዛ ወጣች። እኔ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

«ማልቀሱን ተይና ወረቀት ቅደጂ» አለችኝ።

በማግስቱ ከሱቁ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግራ ተቀመጠች። ጠርሙሶቹን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለቻቸው፤ ሲደርቅ ውሃ አርከፈክፍበታለሁ። ከማጂም ከቴፒም የመጣ ተሳፋሪ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው እኛን ነው። ወኪሉ በመጣ ቁጥር እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ ትልና «ዛሬስ ትቀምሳለህ?» ትለዋለች። አልቀመሰም። እኛም ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ አልተነሳንም።

ያስቆመን እሱ አይደለም። ዝንጅብሉ ታመመ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ሥሩ መሬት ውስጥ በሰበሰ፤ ገበያው ላይ የሸኮ ዝንጅብል ጠፋ። አንድ ቀን ጋሼ ዝንጅብል ዝንጅብል የሚሸት ዱቄት በፌስታል ይዞ መንገዱን ተሻገረ።

«እትዬ፣ በዚህ ሥሪው። ማን ይለየዋል?»

እናቴ አሸተተችና ፌስታሉን መልሳ ሰጠችው። «ልጄ ጠርሙሱ ላይ የጻፈችውን እስቲ አንብበው» አለችው።

አነበበው። ፌስታሉን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ከመጨረሻው ዝንጅብል አሥራ አንድ ጠርሙስ ወጣ። አሥሩን ሸጠን አንዱን ለጋሼ ሰጠነው። አልጠጣውም። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ የፋብሪካውን ለስላሳ ወደ ጎን ገፋና፣ ጽሑፌን ወደ ውጭ አዙሮ፣ ወኪሉ ሲመጣ እንዲያየው ከፊት አቆመው። ቅዳሜ፣ ሰኔ 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር።