እግሩን ለማያይ ሰው የተስተካከለ መንገድ

ባለፈው ሳምንት ከልጅ ልጄ ጋር ከሐረር ፈላና በር ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ወጣት በትራክተር የአፈር መንገድ ሲያስተካክል አገኘንና ቆምኩ። ያቆመኝ ትራክተሩ አይደለም፤ ከኋላው የተንጠለጠለው የብረት ሣጥን ነው። ሁለት ጎን አለው፣ ጀርባ አለው፣ ከታች ምላጭ አለው። ወለል የለውም፣ ፊትም የለውም። ለማያውቀው ሰው ሠሪው ሰልችቶት በመካከል የተወው ዕቃ ይመስላል። "አባባ፣ ፀሐዩ በረታ፣ እንሂድ እንጂ" ብትለኝም አልሰማኋትም። እንዲህ ያለውን ሣጥን በሐረር መጀመሪያ ሥራ ላይ ያዋልኩት እኔ ነኝ ብል ውሸታም የሚለኝ አይገኝም። ሊከራከሩኝ የሚችሉት ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል።

ያኔ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። ትምህርቴን ካቋረጥኩ ቆይቻለሁ፤ መንዳትን ግን ሰው ሲነዳ አይቼ፣ ሞተር መፍታትን ፈትቼ አውቄዋለሁ። መግጠሙ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ እንጂ እሱንም ማንም አላስተማረኝም። ድሬ ጠያራ ውስጥ ሰፊ የማሽላና የኦቾሎኒ እርሻ የነበራቸው ሐጂ ኢብራሂም የሚባሉ ሰው አንድ ያረጀ ቀይ ትራክተር ከነኮተቱ ገዝተው ነጂ አደረጉኝ። ከኮተቱ መካከል ይህ ሣጥን ነበር። ምን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። አንዱ የከብት ገንዳ ነው ይላል፤ ሌላው ትራክተሩ ወደ ፊት እንዳይደፋ የሚይዝ ክብደት ነው ይላል። ክርክሩ ሳያልቅ ዶሮዎቹ ወሰኑ፤ በሣጥኑ ጥግ ሣሩ ላይ ዕንቁላል መጣል ጀመሩ።

እኔ ደግሞ ያላወቅሁት ነገር አጠገቤ ተቀምጦ ምሳ አይወርድልኝም። ሌሎቹ ጥላ ፍለጋ ሲሄዱ እኔ በሆዴ ተኝቼ ሣጥኑን እመረምራለሁ። የምላጩ ጠርዝ ተበልቷል፤ የጎኖቹም የታችኛው በኩል ሳስቷል። ገንዳ ቢሆን ታቹ ምን ይበላዋል? መሬት ለመሬት ሲጎተት የኖረ ነገር ነው አልኩ። ከውስጥ ጥጉ ላይ የደረቀ ጭቃ ፈልፍዬ አወጣሁ፤ ቀለሙ የእኛ አገር አፈር አልነበረም። እንግዲያው ይህ ሣጥን ሌላ አገር አፈር ሲሸከም ኖሯል ማለት ነው። ከፍ ካለው ቦታ እየላጨ ይሞላል፣ ዝቅ ካለው ቦታ ላይ ያራግፋል። ይህን ያህል የደረስኩት በገዛ ጭንቅላቴ ነው። እንዲያው በደረቁ ከማወቅ በቀር ግን ምን እንደምሠራበት አላውቅም ነበር።

ምክንያቱ የመጣው በአጎቴ በኩል ነው። ያሳደጉኝ አጎቴ ቄስ ተክሌ በጥምቀት የደብራችንን ታቦት የሚሸከሙት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ፣ ክረምቱ የቦረቦረው መንገድ ላይ ተደናቀፉ። ዲያቆናቱ ከግራና ከቀኝ ደግፈው ያዟቸው። አልወደቁም፤ ግን ሕዝብ አየ። ከዚያ ወዲህ በየሰንበቴው "ቄስ ተክሌ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ለወጣት ይልቀቁ" ይባል ጀመር። የደብሩ አለቃም ዘንድሮ ደግመው ከተደናቀፉ ከእንግዲህ ሌላ ይሸከማል ብለው ቁርጡን ነገሯቸው። አጎቴን ማታ ማታ ጉልበታቸውን በሰሊጥ ዘይት ሲያሹ አያቸው ነበር።

ሐጂ ዘንድ ስሄድ በረንዳቸው ላይ ሆጃ ይጠጣሉ። የቡና ገለባ ከወተት ጋር ተፈልቶ ሲሸት ሳይጋበዙ የሚያልፉት አይደለም፤ ለእኔም ተቀዳልኝ።

"ሐጂ፣ ትራክተሩን ከነሣጥኑ ለጥምቀት ያውሱኝ" አልኳቸው።

"የትኛውን ሣጥን?"

"ዶሮዎቹ ያሉበትን።"

"ወላሂ አብደሃል! የከብት ገንዳ ጎትተህ ጥምቀት ልትወርድ?"

ነገሩን አስረዳኋቸው። አጎቴን ያውቋቸዋል፤ ገበያ ላይ በተገናኙ ቁጥር ሁለቱ የሚያወሩት ስለ ጉልበት ሕመም ነው። ስኒያቸውን አስቀመጡ።

"ጉልበት ክፉ ነገር ነው" አሉ። "ውሰደው። ግን በበዓሉ ማግስት መልስልኝ፤ ዶሮዎቹ ለምደው ለጎረቤት እንዳይጥሉ።"

ጥር ነው። ጧት ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል፤ ረፋዱ ላይ አቧራው ይነሳል። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ታስሮ በየማሳው ቆሟል። በሸዋ በር ሳልፍ ዘይቱና የሚሸጡት ሴቶች ሣጥኑን አይተው ተንጫጩ። "አቦ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? አልጋ ነው?" አለች አንዷ። "አልጋ ነው፤ መንገድ የሚተኛበት" አልኳት። ያኔም ለመልስ አልታማም።

ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። መጀመሪያ ከምላጩ ፊት የተሰኩትን የሣጥኑን የብረት ጥርሶች አውርጄ የደረቀውን መሬት ፈለፈልኩት፤ ከዚያ ጥርሶቹን ሰቅዬ በምላጩ ከጉብታው ላይ ልጬ ጉድጓዱን ሞላሁ። ከሰዓት በኋላ መንገዱ በመዳፍ የተዳበሰ መሰለ። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ አደነቀኝ፤ እኔም ቆሜ አስደነቅሁ።

ወደ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አጎቴ መጡ። ራሳቸው ላይ ስንዴ የሞላ ቁና አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

"ምነው አባ?" አልኳቸው።

"ታቦት የተሸከመ ሰው እግሩን አያይም" አሉኝ። "ስለዚህ አሁንም አላይም።"

ጫማቸውን አወለቁና ራሳቸውን ቀጥ አድርገው መራመድ ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ ቁናው ወደ ፊት ወደ ኋላ ይል ጀመር። ስንዴው ፈሰሰ። ቆሙና ቁናውን አወረዱ።

"ልጄ፣ ዓይንህ የተኛ መንገድ ነው ይልሃል። ለእኔ እግር ግን ግመል ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነው። የአምናው ጉድጓድ ይሻል ነበር፤ እሱ እንኳ ያለበት ይታወቃል።"

ተናድጄ ጉንጬን መሬት ላይ አድርጌ አየሁ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለነበር ነገሩን አጋለጠችው። ከዳር እስከ ዳር ጥላና ብርሃን፣ ጥላና ብርሃን፤ መንገዱ ሙሉ ሞገድ ነበር። እያንዳንዱ ጉብታ ለዓይን የማይሞላ፣ ለእግር ግን የሚበቃ። አጎቴ ስንዴያቸውን ከአቧራው እየለቀሙ ነበር። ከተራ ነገ ነው።

በከተራ ዕለት ማለዳ እንደገና ጀመርኩ። ሞገዱን ለመቁረጥ ባለፍኩ ቁጥር ሞገዱ ይባስ ይነሳል። ምላጩን ዝቅ ሳደርገው ይቆፍራል፣ ከፍ ሳደርገው ይከምራል። እኔ እጄ ላይ ጥፋት አላገኘሁም። ታዲያ ይህን ነገር የሚሠራው ማነው? ልክ ዶሮዎቹ ጋ በሆዴ እንደተኛሁበት ጊዜ ጥያቄው ያዘኝ። መቀመጫው ላይ ሆኜ ደግሞ ወደ ፊት እንጂ ሣጥኑን በደንብ ማየት አልችልም። የፈላና በሩ ጓደኛዬ ረመዳን ሚኒባስ ይነዳ ነበር፤ ሥራውን አስተውቼ አመጣሁት።

"አንተ ንዳ፣ እኔ አጠገቡ እየሄድኩ አያለሁ" አልኩት።

የሸሚዙን ኪስ ኦቾሎኒ ሞልቶ ትራክተሩ ላይ ወጣ። ገለባውን ወደ እኔ እየተፋ፣ "አቦ ታዬ፣ ሰው ትራክተር ይነዳል፣ አንተ ታጅባለህ! የሙሽራ ዘፈን ላውጣልህ?" ይላል።

ጎንበስ ብዬ ከሣጥኑ ጎን ተራመድኩ። መጀመሪያ ሣጥኑን ብቻ አየሁ፤ ምንም አልገባኝም። ቀጥሎ የፊቱን ጎማና ሣጥኑን አንድ ላይ አየሁ። የፊቱ ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ ከኋላ ያለው ሣጥን ሰምጦ ይቆፍራል። ጎማው ወደ ጎድጓዳው ሲወርድ ሣጥኑ ይነሳና አፈሩን ይጥላል። የጠጅ ቤት አግዳሚ ላይ ከአንዱ ጫፍ ወፍራም ሰው ድንገት ሲነሳ በሌላው ጫፍ የተቀመጠው እንደሚወርደው ማለት ነው። ትራክተሩ ያለፈበትን ጉብታ እየገለበጠ ከኋላው ይጽፈዋል። እኔ ስደጋግም እሱም ደጋገመ።

"ረመዳን! ቁም!"

"ምን ሰበርኩ?"

"ምንም! ገባኝ!"

"እኔ ደግሞ ጎማ የፈነዳ መስሎኝ" አለና ኦቾሎኒውን ቀጠለ።

መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር፤ ቀላል የሆነው ግን እኔ ስላገኘሁት ነው። ሣጥኑን ከላይ ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘውን ብረት ጠምዝዤ አስረዘምኩት፤ ሣጥኑ ወደ ኋላ ጋደል አለና መቆፈሩን ትቶ መዳበስ ጀመረ። ከዚያ በአፈር ሞልቼው ሞገዶቹን ቀጥ ብዬ ሳይሆን በሰያፍ አቋረጥኳቸው። አንዱ ጎማ ጉብታ ላይ ሲሆን ሌላው ጎድጓዳ ውስጥ ስለሚሆን ትራክተሩ ከፍ ዝቅ ማለቱን አቆመ፤ በሣጥኑ ያለው አፈር እየፈሰሰ ጎድጓዳውን ሞላ። ረመዳን ወርዶ ጉንጩን መሬት ላይ አደረገ።

"ማሻአላህ! የቀረው ትራስ ብቻ ነው" አለ።

ከሰዓት በኋላ ታቦቱ ወጣ። እኔ ምንጣፍ ከሚያነጥፉት ጎረምሶች ጋር ነበርኩ። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ላይ ያያል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና እኔ የማየው እግር ነበር። አምና የተደናቀፉበት ቦታ ስንደርስ ዲያቆናቱ ግራና ቀኝ ቀረብ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አለቃውም አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። እልልታው እንኳ የቀነሰ መሰለኝ። ምንጣፉ አፈሩን ሸፍኖታል፤ ከሥሩ ያለውን የማውቀው እኔና ረመዳን ብቻ ነን። የአጎቴ እግር ተነሳ፣ አረፈ፤ ተነሳ፣ አረፈ። የዲያቆናቱ እጅ ባዶ አየር ላይ ተዘርግቶ ቀረ።

ታቦቱ ድንኳኑ ውስጥ ካረፈ በኋላ አጎቴ ላባቸውን እየጠረጉ ወጡና በእጃቸው ጠሩኝ። ምስጋና ጠብቄ ነበር፤ አልደብቅም።

"አንተ ልጅ" አሉኝ፣ "በሌላ መንገድ ነው እንዴ የመጣነው? ያን ክፉ ቦታ ስጠብቀው ቀረ።"

በሕይወቴ ብዙ ተመስግኛለሁ፤ የሚገባኝም ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ግን አልሰማሁም። አጎቴ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተሸከሙ፤ የተዉትም ማንም ሳይጠይቃቸው ነው። ሣጥኑንም በበዓሉ ማግስት ለዶሮዎቹ መለስኩ።

እና ባለፈው ሳምንት ወጣቱ ያስተካከለው መንገድ ላይ ራሴን ወደ ሰማይ ቀና አድርጌ ተራመድኩ። የልጅ ልጄ አፍራ ወደ ዳር ሸሸች። ወጣቱ ሞተሩን አቀዘቀዘ።

"አባባ፣ ሰማዩ ላይ ምን አዩ?"

"ሰማዩን ተወው። መንገድህ ግመል ሆኗል።"

ሳቀ። ስለ ላይኛው ብረትና ስለ ሰያፉ ነገርኩት፤ "የት ተማሩት?" አለኝ። ማንም አላስተማረኝም አልኩት። እውነት ነው። ግን እያልኩት ያ ቁና ታወሰኝ። እነዚያ ሁለት እግሮች ባይፈትኑኝ ኖሮ በዓይኔ ረክቼ ወደ ቤቴ የምገባ ሰው ነበርኩ።

ወጣቱ መፍቻውን ይዞ ወረደ። እኛም ጥላ ሥር ቆመን ጠበቅነው። ሲጨርስ እንደገና ቀና ብዬ ሄድኩበት። ጉልበቴ ዛሬ ከአጎቴ አይሻልም፤ እኔም የሰሊጥ ዘይት ጀምሬያለሁ። ደመናው ላይ እንዳፈጠጥኩ የመጀመሪያውን ጉብታ እየጠበቅሁ ስሄድ፣ የልጅ ልጄ እጄን ያዘችኝ።

"አባባ፣ መንገዱ እኮ አለቀ" አለችኝ።