የማያልቅ ሰሞን

ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ብርዱ አጥንት በሚሰረስርበት አፋፍ ላይ፣ ጥድ አምባ ገብርኤል የምትባል ትንሽ ደብር ነበረች። ቄስ ወልደተንሣኤ እዚያው ተወልደው እዚያው የቀሰሱ ሰው ናቸው። ይህ ነው የሚባል ሙያ የላቸውም፤ ድምፃቸው ሻካራ፣ እርሻቸውም ጠባብ ነበር። ሚስታቸው ወለተሐና ግን ሳቂታና ተጫዋች ስለሆነች፣ ልጅ ባይወልዱም ቤታቸው ሰው አይጠፋበትም ነበር።

የደብሩ ካህናት የሚያገለግሉት በሰሞን ነው። ተራው የደረሰው ቄስ ሳምንቱን ሙሉ ከሚስቱ ተለይቶ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ባለችው ጎጆ ያድራል። ሳምንቱ ሲያልቅ ተረኛው መጥቶ ይረከበውና እሱ ወደ ቤቱ ይወርዳል። ሳይረከቡት ታቦት ጥሎ መውረድ የተሰማ ነገር አይደለም።

ንጉሡ የሃይማኖቱን ክርክር ለመቁረጥ ወሎ ላይ ያደረጉት ጉባኤ ጥቂት ዓመታት አልፈውት ነበር። ክርስቶስ ሁለት ልደት አለው በሉ፣ አንዱ ከአብ አንዱ ከድንግል ነው፤ ሦስተኛ የጸጋ ልደት አለው የሚል ግን ከደብሩ ይውጣ የሚለው ትእዛዝ አገር ለአገር ሲዞር ቆይቶ ጥድ አምባ የደረሰው አንድ እሑድ ነው። ጥድ አምባ ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሦስት ልደት ባይ ነው። የዚያን እሑድ ሰሞነኛው ቄስ ወልደተንሣኤ ነበሩ። ትእዛዙ በሌላ ሳምንት ቢመጣ ኖሮ ሌላ ሰው ያነበው ነበር፤ ምን ያድርጉ፣ ዕድላቸው ነው።

ትእዛዙን በዚያ ሻካራ ድምፃቸው አነበቡና ሲጨርሱ "አሜን" አሉ። ሕዝቡም ትእዛዙን አምነው የተቀበሉት መሰለው። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ይሁን ሦስት ቄስ ወልደተንሣኤ በልባቸው ቆርጠው አያውቁም ነበር። እዚያ ቦታ ቆመው ያነበቡት ነገር ሁሉ በአሜን ስለሚያልቅ፣ ከአፋቸው አመለጣቸው እንጂ አስበው ያሉት አልነበረም። ማን ይመናቸው!

ሳምንቱ ሳያልቅ ሕዝቡ ተነሣ። "ሃይማኖታችንን በነጋሪት አንለውጥም" ብሎ ከብቱን ነድቶ፣ ዕቃውን ጭኖ፣ ከሌሎቹ የደብሩ ካህናት ጋር፣ በመምሬ ገብረ ጻድቅ መሪነት ወደ ምንጃር ቆላ ወረደ። ትናንት ንስሐ አባቴ ይሏቸው የነበሩ አሮጊቶች በቅጥሩ በር ሲያልፉ ቀና ብለው አላዩአቸውም። ቄስ ወልደተንሣኤ መስቀላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ አንድም የተሳለመ የለም።

የሳምንቱ መጨረሻ ደረሰ። ተረኛው አልመጣም።

ወለተሐና ከአባቷ ቤተሰብ ተለይታ ባሏን ብላ ቀርታለች። ምግብ ይዛላቸው ትመጣና በሩ ላይ ትቆማለች።

"መቼ ነው የሚወርዱት?"

"ተረኛው ሲመጣ።"

"ተረኛው መምሬ ገብረ ጻድቅ አይደሉም እንዴ? ቆላ ከወረዱ እኮ ሰነበቱ!"

"አንኮበር ልኬያለሁ። ካህናት እንልካለን ብለዋል።"

"እስኪልኩስ?"

"እስኪልኩማ ሰሞኑ የኔ ነው።"

እንግዲህ በሩን ቆልፎ ወደ ቤት መውረድ ነበር የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ብሆን እንደዚያ ባልኩ። እሳቸው ግን ታቦቱን ብቻውን ጥሎ ከሚስት ጋር ማደር አይሆንላቸውም። ቅዳሴ ደግሞ አምስት ልኡካን ካልተሟሉ አይቀደስም። ስለዚህ ደወሉን ይደውላሉ፣ ያጥናሉ፣ ኪዳን ያደርሳሉ። "እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን" ብለው በግዕዝ ባዶውን ቅኔ ማሕሌት ይባርኩና፣ የሚመልስ ሰው ያለ ይመስል መልሱን ይጠብቃሉ። 

ከታች ያለው መንደር ባዶ ነው። ጅብ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ በሰው ደጅ ያልፍ ጀምሯል። ቄስ ወልደተንሣኤ ጠዋት ጠዋት ከቅጥሩ ሥር ቆመው የቤታቸውን ጭስ ያያሉ። ከመንደሩ የሚወጣው ጭስ እሱ ብቻ ስለነበር ለመለየት አያስቸግርም። እሱን ካዩ ቀናቸውን ይውሉታል።

አንድ ቀን ጭሱ አልወጣም። ውሃ ወርዳ ይሆናል አሉ። በማግስቱም የለም፤ እሷም ምግብ ይዛ አልመጣችም። የዚያን ጊዜ ልባቸው አላስቀምጥ ስላላቸው በሩን ከፈቱ፤ አንድ እግራቸውንም አወጡ። ከኋላቸው ቤተ ክርስቲያኑ ጭር ብሏል። እንዲያ ሆነው ለረጅም ጊዜ ቆዩና እግራቸውን መልሰው በሩን ዘጉት። የዚያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ካህናቱ ከአንኮበር የመጡት ክረምቱ አልፎ፣ እህሉ ከታጨደ በኋላ ነው፤ እስከዚያ መንገደኛ በሚሰጣቸው ቁራሽ ቆዩ። ሰሞኑን ተረከቧቸው። ቄስ ወልደተንሣኤ የቤታቸው ጣራ መደርመሱን በአጠገቡ ሲያልፉ አዩ እንጂ አልገቡም፤ ሚስታቸው ወደ ወገኖቿ ሳትሄድ አልቀረችም ብለው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው ወደ ምንጃር ወረዱ።

የጥድ አምባ ሰዎች ቆላ ላይ አዲስ መንደር ቆርቁረው አገኟቸው። ሰላምታ የሰጣቸው ሰው የለም፤ አንዲት ሴት ብቻ የወለተሐናን ቤት በአገጯ አሳየቻቸው። ወለተሐና ስትወጣ ራሷ ላይ የመነኩሲት ቆብ ነበር።

"ሰሞንዎ አለቀ?" አለቻቸው።

"አለቀ። ነይ፣ እንሂድ" አሉ፤ ቆቡን እያዩ፣ ያላዩት ለመምሰል እየሞከሩ።

"ሁሉም የወጣው ለሃይማኖቱ ነው። እኔ ግን ሁለትም ሦስትም ብዬ አልወጣሁም። ያንን ባዶ መንደር ብቻዬን አልቻልኩትም። እዚህም መጥቼ ጠበቅኩዎ። በኋላ መምሬ ገብረ ጻድቅ፣ ባልሽ ከመቅደስ አልወርድም ካለ መንኵሷል ማለት ነው፣ አንቺስ ማንን ትጠብቂያለሽ አሉኝ።"

"ጭስሽ የጠፋ ቀን በሩን ከፍቼ ነበር። አንድ እግሬንም አውጥቼ ነበር።"

ወለተሐና ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ሁለተኛውንስ ምን ያዘብዎ?"

 ከየቤቱ ደጅ ሰው ቆሞ ያያቸዋል። ሲጨንቃቸው እጃቸው እንደ ልማዱ መስቀሉን አውጥቶ ዘረጋላት። እሷ ወደ ጎረቤቶቿ ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

ቄስ ወልደተንሣኤ መስቀሉን ወደ ብብታቸው መለሱ። 

"ደህና ይሁኑ፣ እማሆይ" አሏት።