ጋሽ ፈንታሁን የተመዘኑበት ባስኩላ

ልጅ ሳለሁ፣ መተማ ዮሐንስ፣ ከመግሪብ በኋላ ከቤት ጠፋሁ ከተባለ የምገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የአባቴ የሰሊጥ መጋዘን በር ላይ፣ ከዘበኛው ከጋሽ ፈንታሁን አጠገብ። ከድንበር ማዶ ከገላባት የሚመጡት የጭነት መኪኖች ሞተራቸውን አጥፍተው አቧራው ረጋ ሲል፣ ጋሽ ፈንታሁን የሰሊጥ አገዳ አንድደው ሻይ ይጥዳሉ፤ ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የወረዱት የቀን ሠራተኞች ፍሙን ከበው ይቀመጣሉ፤ ያኔ ወሬው ይጀመራል። ሌላው ልጅ የጅብና የጦጣ ተረት ሲነገረው እኔ ያደግሁት በቡጢ ተረት ነው፤ ምንም አልጎደለብኝም።

ጋሽ ፈንታሁን በወጣትነታቸው ካርቱምና ናይሮቢ እየተከፈላቸው የሚጋጠሙ የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ነበሩ። ሱዳኖቹ «ጀበል» ይሏቸው ነበር፤ ተራራ ማለታቸው ነው። እንደ ሌላው ጉረኛ ያሸነፉትን ብቻ አይነግሩንም፤ የተሸነፉበትንም በየዙሩ ይተርኩልናል። ናይሮቢ ላይ አንዱ አገጫቸውን አግኝቶት፣ ሲነቁ መጀመሪያ ያዩት የዳኛውን ጫማ እንደነበር ሲናገሩ፣ የጠመመ አፍንጫቸው በፋኖሱ ብርሃን ጎልቶ እየታየ፣ ራሳቸው ቀድመው ይስቃሉ። እኔማ ውሸት የሚባል ነገር የማያውቁ ይመስለኝ ነበር።

የሁላችን ተወዳጅ ግን የመጀመሪያው ግጥሚያ ነው። ያኔ ጋሽ ፈንታሁን መተማ ውስጥ ኩንታል ተሸካሚ ነበሩ። በፊት ቦክሰኛ የነበረ አንድ የሱዳን ሾፌር ጉልበታቸውን አይቶ፣ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ሰቅሎ መምታት አስተማራቸው፤ ቆይቶም ካርቱም ላይ ግጥሚያ ያዘላቸው። ከመሄዳቸው በፊት ተመዘኑና ከከባድ ሚዛን አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ባለው ተመዘገቡ። ካርቱም ደርሰው ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን ኪሏቸው ከተመዘገቡበት አልፎ ተገኘ። አዘጋጁ ተቆጣ፤ ወይ ወደ አገርህ ተመለስ፣ ወይ ከከባዱ ጋር ግጠም አላቸው። ባዶ እጄን ከምመለስ ወደቀ ብባል ይሻለኛል ብለው ገቡ። በመጀመሪያው ዙር ሁለት ጊዜ ወደቁ፤ በአራተኛው ያን ግዙፍ ሰው ዘረሩት። ከዚያ ወዲያ ከከባዶቹ ጎራ አልወጡም። በሦስት ቀን መንገድ ያን ያህል ምን አወፈረዎት ሲባሉ፣ መንገድ ላይ የበላሁት የገዳሪፍ ፉል ነዋ ይላሉ፤ ግቢው በሳቅ ይሞላል። እኔም በዚያ ፉል ስንት ጊዜ ስቄያለሁ።

ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ በአንድ የመኸር ወቅት፣ ከአርማጭሆ የመጣ ገበሬ ሰሊጡን ለአባቴ ሊሸጥ አመጣ። እዚያው አገሩ ሳንጃ ከተማ አስመዝኖት ነበርና በእኛ መጋዘን ባስኩላ ሲመዘን ጎደለ። ቀኑን ሙሉ ተከራከሩ። አባቴ ሚዛን አይዋሽም አለ፤ ገበሬው መንገድ ላይ ጠብ ያለ ፍሬ የለም ብሎ ማለ። የዓመት ልፋቱ ነው፤ ወይ አጉድሎ ይሸጣል፣ ወይ ዘመድ በሌለበት አገር ጭኖ ይዞራል። ሳይስማሙ መሸና ሰውየው እሳቱ ዳር መጥቶ ተቀመጠ፤ የተሰጠውን ሻይ አልነካውም።

ሠራተኞቹ ሊያጫውቱት ፈልገው የፉሉን ወሬ ያንሡልን አሉ። ጋሽ ፈንታሁን ያን ቀን ነገሩ አልጣማቸውም፤ ቢሆንም ጀመሩ። ፉሉ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ሳቀ፤ ገበሬው አልሳቀም። የእሱን ፊት ሳይ የእኔም ሳቅ ጠፋና ከአፌ አመለጠኝ፤

«ጋሼ፣ ከመሄድዎ በፊት የተመዘኑት የት ነው?»

አባቴ ሶላቱን ጨርሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጋሽ ፈንታሁን አይተውታል። ሥራውንም ማደሪያውንም የሰጣቸው እሱ ነው፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ሌላ የሚሄዱበት ቤት የላቸውም። ልጅም ብሆን ይህን አውቅ ነበርና ጥያቄዬን መልሼ ብውጠው በወደድሁ። እሳቸው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

«እዚሁ ነው ልጄ። በዚሁ ባስኩላ። ያኔ የአያትሽ ነበር።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «ፉሉ ምንም አላደረገኝም፣ ሐጂ።»

ለካ ጋሽ ፈንታሁን ድሮም ከባድ ሚዛን ኖረዋል፤ ኪሎአቸውን የበላው የእኛ ቤት ባስኩላ ነው። የሳቀ ሰው አልነበረም። አባቴ «ይኸን ሁሉ ዘመን ምነው ዝም አሉ?» አላቸው።

«ፈርቼ ነዋ። ግንብ የሚያህል ሰው ያልፈራሁ ሰውዬ፣ እንጀራዬን ፈራሁ።»

አባቴ ወደ ቤት ገባ። በማግሥቱ ጠዋት ከጎረቤት ነጋዴ ባስኩላ ተውሶ የገበሬውን ሰሊጥ በሰው ሁሉ ፊት አስመዘነ፤ ሰውየው እንዳለው ሆነ፣ ሙሉውን ተከፈለው። አሮጌውን ባስኩላ ለአራት ተሸክመው አወጡት። ጋሽ ፈንታሁን አልተባረሩም፤ እስኪሞቱ ድረስ ያንኑ በር ጠበቁ፣ ወሬውንም ያለ ፉሉ ማውራታቸውን ቀጠሉ። ሳቁ ቀነሰ እንጂ ሰሚው አልቀነሰም።

ዛሬ መጋዘኑን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ከነጋዴዎቹ መካከል ቆሜ ስከራከር ድምፄ አይርድም፤ ስህተት ሳይም ፊት ለፊት እናገራለሁ፤ ይህንም ከአንድ ቦክሰኛ ነው የተማርሁት እያልሁ እኮራለሁ። አባቴ አርጅቶ አጠገቤ ወንበር ላይ ይውላል። ያን ማታ ከጋሽ ፈንታሁን ቀጥዬ መጠየቅ የነበረብኝ እሱን ነበር፤ ባስኩላው እንደሚያጎድል ያውቅ ነበር ወይስ እንደ እኔ በፉሉ ሲስቅ የኖረ ነው? ይኸው ስንት ዓመት ጎን ለጎን ስንቀመጥ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። ደፋር ናት የሚሉኝ ሰዎች ይህን አያውቁም።