የእንግሊዝኛ ደብተሬ አሥር ዓረፍተ ነገሮች

ባለፈው ሳምንት ከጠዳ ወደ ጎንደር ስመለስ የተሳፈርኩበት ማኪና ጎማው ተነፈሰና አንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ቆምን። ከክፍሉ መስኮት የልጆች ድምፅ ይሰማል። «ብሬክ፣ ብሮክ፣ ብሮክን! ሃይድ፣ ሂድ፣ ሂድን!» ተሳፋሪው ይስቃል። የኔ መዳፍ ግን ላብ በላብ ሆነ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «ምነው እታለም፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። ሙቀቱ ነው አልኳት። ሙቀቱ አልነበረም።

በደርግ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ወጣት በሚታደንበት ዓመት፣ እዚሁ ጎንደር ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንድ ካኪ ኮት የሚለብሱ፣ ኪሳቸው በጠመኔ የነጣ ሰው ነበሩ። ደንብ የማይከተሉትን ግሦች ሰሌዳው ላይ በሦስት ረድፍ ይጽፉና «በቃል መሸምደድ ዋጋ የለውም» ይሉናል። «ቤታችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ። የበላችሁትን፣ ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን ጻፉባቸው። ከመጽሐፍ የቀዳ ዜሮ ነው።»

ቤታችን ደግሞ ማንም ሊያውቀው የማይገባ ነገር ነበር። አዲስ አበባ ይማር የነበረው ታላቅ ወንድሜ እየተፈለገ ሸሽቶ መጥቶ፣ እህል ከምናኖርበት ጓዳ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ተደብቋል። ሁለት ወር አልፎታል። እናቴ ምግቡን በነጠላዋ ሸፍና ለዶሮ ጥሬ የምትወስድ መስላ ትገባለች። ሳል ሲነሣበት አባቴ ብድግ ብሎ ራዲዮኑን ከፍ ያደርጋል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓዳው ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ግሦቹን በለሆሳስ አነባለሁ። ጓዳው በርበሬና አቧራ ይሸታል፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ብቻ ነው። ስሳሳት ወንድሜ ከላይ ጣውላውን በጣቱ አንዴ መታ ያደርጋል። ሳስተካክል ዝም ይላል። አንዳንዴ ደግሞ «እታለም፣ አትቸኩይ፤ የት ልትሄጂ ነው?» ይለኛል በሹክሹክታ። ከሰው ጋር የሚያወራው ያችን ሰዓት ብቻ ስለነበር፣ ትምህርቱ ቶሎ እንዲያልቅበት አይፈልግም ነበር መሰለኝ።

አንድ ሐሙስ ቀን መምህራችን ስለየቤታችን ኑሮ አሥር ዓረፍተ ነገር ጽፈን እንድናመጣ አዘዙን። እኔም ጻፍኩ። እናቴ ዳቦውን በነጠላዋ ደበቀች። ወንድሜ ጨለማ ውስጥ በላ። ቆጥ ላይ ተኛ። ሲያስል ሰማሁት። ለማንም አልተናገርኩም። በእንግሊዝኛ አራት አምስት ቃል የማይሞሉ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ግሦቹ ሁሉ ትክክል ነበሩ።

ለምን እንደጻፍኩት ምን ልበል? አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ጎረቤቶቻችንም አያነቡም። ቋንቋው ራሱ ምሥጢር የሚጠብቅልኝ ይመስለኝ ነበር። ምናልባትም ሁለት ወር ሙሉ አፌ ላይ የታፈነውን ነገር ለአንድ ሰው መንገር አምሮኝ ይሆናል።

ዓርብ ጠዋት ደብተሮቹን የሰበሰበው የክፍላችን ተጠሪ ነበር። ይህ ልጅ ከቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ጋር እንደሚውል ሁላችንም እናውቃለን። ከጥቂት ሳምንት በፊት አንዲት ተማሪ ቦርሳዋ ውስጥ ወረቀት ተገኘ ተብሎ ከክፍል ስትወሰድ፣ ቦርሳዋን ተሸክሞ የተከተላቸው እሱ ነው። ያን ሁሉ እያወቅሁ ደብተሬን በእጄ ሰጠሁት።

ከሰዓት በኋላ ጓዳ ስገባ ወንድሜ «እስቲ አሥሩን አንብቢልኝ» አለኝ። በቃሌ አልኩለት። አራተኛው ላይ ስደርስ ጣውላው ድምፅ ያሰማል ብዬ ጠበቅሁ። ጣውላው አልተመታም።

«ደብተሩ የት ነው?»

«ተጠሪው ሰብስቦታል።»

«ጎበዝ ነሽ፤ አንድም አልተሳሳትሽ» አለኝ። ድምፁ ተለውጦ ነበር። ከዚያ «አባባን ጥሪልኝ» አለ።

አባቴ አልተቆጣኝም። ተቆጥቶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እናቴ «ልጄ የትም አይሄድም!» እያለች የጓዳውን በር ይዛ ቆመች። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ከደባት በላይ ካለው ደጋ ለገበያ የሚመጣ የእናቴ ዘመድ እኛ ቤት አረፍ ብሎ የመመለስ ልማድ ነበረው። ነገሩን በጆሮው ሲነግሩት «አዬ! ምነው ቀድማችሁ ባትነግሩኝ?» ብቻ አለና ጋቢውን አወለቀ።

ገበያው ሲበተን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወንድሜ ያን ጋቢ ተከናንቦ፣ ዱላ ይዞ፣ ጭነቱ የተራገፈለትን አህያ እየነዳ ከዘመዳችን ኋላ ከግቢያችን ወጣ። ሁለት ወር ፀሐይ ያላየ ዓይኑ እንባ ያዝረበርብ ነበር። ጎረቤት እንዳይጠረጥር ማናችንም አልሸኘነውም። አባቴ ልጁን ሳያይ ለዘመዳችን «በል አያ፣ በደኅና ግቡ» አለ። እናቴ ደጅ ተቀምጣ አንዱን ድስት ደጋግማ ትፈትግ ነበር። እኔ በበሩ ስንጥቅ አየሁት። አልዞረም።

ሰኞ ዕለት መምህራችን ደብተሮቹን ራሳቸው አደሉን። የኔን ስገልጠው ያ ገጽ የለም፤ ከሥሩ በምላጭ ተቆርጧል። በቀጣዩ ገጽ ላይ፣ የኔን የእጅ ጽሕፈት በሚመስል ጽሕፈት፣ አሥር ዓረፍተ ነገሮች አሉ። እናቴ ከገበያ ጨው ገዛች። ቀሐ ወንዝ ወርጄ ውኃ ቀዳሁ። ዶሮዎቹን አበላሁ። ሰባተኛው ግሥ ሆን ተብሎ ተሳስቷል፤ በቀይ ተሠርዟል።

«አንቺ» አሉኝ ጮክ ብለው፣ ተጠሪው ፊት። «ተነሽ! ሰባተኛውን አርሚ።»

ተነሥቼ አረምኩ። «ተቀመጪ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳላይ» አሉ። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ትንሽ ቆየ። ሌላ ምንም አልተነጋገርንም። ያን ዓመት መጨረሻ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወሩ ተባለ።

እንግዲህ ያን ገጽ ከመምህሬ በቀር ማንም ሳያየው ቀርቷል ማለት ነው። ወንድሜ ያለ ምክንያት ሄደ ብዬ እያለቀስኩ ሳለሁ፣ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አብዮት ጠባቂዎች ቤታችንን ፈተሹ። ማን እንደጠቆማቸው አላወቅንም። ቆጡ ላይ ወጡ፤ ጣውላውን በሰደፍ ነቃቀሉት። ሲወጡ አባቴ «እንኳንም ሄደ» አለ። እናቴ ይህችን ቃል እስከ ዕለተ ሞቷ አንድ ቀን አላለችም።

ዘመዳችን በሌላ ቅዳሜ መጥቶ «ዛሪማ ድረስ አደረስኩት። ከዚያ ወዲያ ወደ ሱዳን የሚሻገሩ ልጆች ተቀበሉት» አለን። ከዚያ በኋላ ድምፁን የሰማ የለም። ደርግ ሲወድቅ የብዙ ሰው ልጅ ተመለሰ። እናቴ ያን ሰሞን ደጃፉን ሳትዘጋ ትውል ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ባለቤቴን ለማስመርመር ሆስፒታል ሄጄ፣ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ መምህሬን አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። አላወቁኝም። አጠገባቸው ተቀምጬ የደብተሩን ነገር ሳስታውሳቸው ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ።

«ከዚያ ክፍል የአራት ልጆች ገጽ ቆርጫለሁ» አሉኝ። «ቤታችሁን ጻፉ ብዬ እኔው ጠየቅኋችሁና፣ እናንተ ደግሞ እውነቱን ጻፋችሁ። የሦስቱ ቤት በሌላ በኩል ተደረሰበት። የአንቺን ግን አልሰማሁም።» ክንዴን ያዙኝ። «ወንድምሽ ተረፈ?»

ዓይናቸውን አየሁ።

«ተርፏል ቲቸር» አልኩ። «ሱዳን ነው። አግብቶ ሦስት ልጆች አሉት።»

«ሸጋ!» አሉ። «ሸጋ ነገር ነገርሽኝ፣ ልጄ!»  ከዚያ «ልጆቹን ማን ማን አላቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

ሦስት ስም ወዲያው መፍጠር ነበረብኝ። ለበኩሩ የእሳቸውን ስም ሰጠሁት።