ጠባቂው ያመጣው ፍም

ያሳሰረኝ ቀስት ነው። የከሰል ጭስ ከእንጅባራ ዙሪያ ተነስቶ የትኛው መንደር ላይ እንደሚያርፍ፣ ማን ምን ያህሉን እንደሚተነፍሰው በኮምፒውተር የማሰላ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። ኬላ ላይ ቦርሳዬ ሲፈተሽ ካርታዬ ወጣ፤ ቀስት በቀስት ነው።

«ይሄ ወደ ዳንግላ የሚገባው የማን ኃይል ነው?» አለኝ መርማሪው።

«ጭስ ነው።»

«የማን ጭስ?»

ምን ልበል? የሁላችንም አልኩት። እሷ መልስ አባባሰችብኝ።

የገባሁበት ክፍል ጠባብ ነው፤ የእርጥብ ጫማ ሽታ ነው የተቀበለኝ። ከጣሪያው ሥር ያለችውን አንዲት መስኮት እስረኞቹ ብርዱን ፈርተው በአሮጌ ብርድ ልብስ ወትፈዋታል። የክፍሉ አለቃ ከአዘና የመጡ፣ ከሰል በማክሰል የኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ልጃቸው ሲጠፋ እሳቸው ተያዙ። አጠገባቸው አንድ ባጃጅ ነጂ አለ፤ ማንን እንዳሳፈርክ አልጠየቅህም ተብሎ የገባ።

ከሰዓት ዝናቡ ሲበረታ አዛውንቱ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ጠባቂው ደግ ሰው ነበር፤ የራሱን ማንደጃ ከነፍሙ አምጥቶ መሀል አስቀመጠና «ሙቁ፤ በብርድ ሞቱብህ እንዳልባል» ብሎ በሩን ዘጋ። ሁሉም እጁን ዘረጋ። እኔ ብቻ «ይውጣ!» አልኩ።

«ጤና የለህም እንዴ?» አለኝ ባጃጅ ነጂው።

«በተዘጋ ቤት ከፍም የሚወጣው አየር ይገድላል። አይታይም፣ አይሸትም።»

አዛውንቱ ተቆጡ። «ዕድሜ ልኬን ከሰል አክስያለሁ፤ ሞቻለሁ?»

«እርስዎ ያከሰሉት ሜዳ ላይ ነው፣ አባቴ።»

«የማይታይ፣ የማይሸት! ታዲያ አንተ በምን አወቅኸው?»

ተማሪዎቼ እንኳ እንዲህ አፋጠውኝ አያውቁም። ጭንቅላቴን ይወጋኝ ጀምሯል፤ ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ አፌ ያመጣልኝን ነው የምናገረው። «እንግዲያው በሚሸት ነገር ላሳያችሁ» አልኩ። ሁሉም ዘወር ብሎ ባጃጅ ነጂውን አየው። የምሳው ባቄላ ሆዱን ሲያጮኸው መዋሉን ያልሰማ የለም።

«በአባት ፊት? ሞቼ እገኛለሁ!»

«ላለመሞት እኮ ነው!»

አዛውንቱ በአዊኛ አንድ ነገር አጉረመረሙና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ለነፍስ ከሆነ ፈቅጃለሁ» አሉ።

የሸተተው እጁን ያውጣ አልኩ። መጀመሪያ ጎረቤቱ፣ ቀጥሎ በሩ ሥር ያሉት፣ ከዚያ የመስኮቱ ጥግ፤ በመጨረሻ አዛውንቱም ሳይዞሩ እጃቸውን አወጡ። የቀረ ሰው የለም። ሽታውም መውጫ አጥቶ አብሮን ተቀመጠ።

«ይሄኛው መጣሁ ብሎ ነው የመጣ» አልኩ። «የፍሙ ግን ሳይናገር ነው የሚመጣው።»

አዛውንቱ እየሳቁ እያሳሉ «አውጡት! ውታፉንም ንቀሉ!» አሉ።

ጠባቂው «ለናንተ ደግ መሆን!» እያለ ማንደጃውን ወሰደ። ባጃጅ ነጂው ትከሻዬ ላይ ቆሞ ውታፉን ሲነቅል ወደ ውጭ አየና «እንዴ! ዘብ ቤቷ ውስጥ ይዞት ገባ፤ በሯንም ዘጋ» አለን።

ዘብ ቤቷ ከአንድ ሰው በላይ አትይዝም። አንዱ «የራሱ ጉዳይ» አለ።

አዛውንቱ ተነስተው የቆርቆሮውን በር በቡጢ ይደበድቡ ጀመር። «ልጄ! ኧረ ውጣ ልጄ!» ሁላችንም አብረን ጮህን። አልወጣም። ልመናው አልሆን ሲል ባጃጅ ነጂው በመስኮቷ «አንተ ፈሪ! ወንድ ከሆንክ ውጣ!» አለው።

ወጣ። ዱላውን ይዞ፣ እየተንገዳገደ። ዝናቡ ላይ ቆሞ አስታወከና ይሰድበን ጀመር። ስድቡ በረዘመ ቁጥር ደስታችን ጨመረ፤ አዛውንቱማ «ተመስገን፣ ተመስገን» ይላሉ። በማግስቱ ለቅጣት ፀሐይ መሞቅ ተከለከልን።

አሁን ተፈትቼ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። በቀደም ያን ጠባቂ ዳንግላ ላይ አገኘሁት፤ ድንች በጋሪ ያስጭናል።

«ያን ቀን በጩኸታችሁ ራሴን አዙራችሁ አስታወካችሁኝ» አለኝ፤ ቅሬታው አልወጣለትም። «ደግ ልሥራ ባልኩ!»

ይቅርታ ጠየቅሁትና እውነቱን ልነግረው «ዛሬም ዘብ ቤቷን ዘግተህ ነው እሳት የምትሞቀው?» አልኩት።

«አይ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ በሯን ክፍት ነው የምተወው።»

«ለምን?»

«እስረኛ ሲጮህ ቶሎ እንድሰማ ነዋ» አለኝ።