የስታዲየማችን ጥላ

ጋሽ ሞላ ዛሬ ከስብሰባው መሀል ተነስተው «ልጄ፣ ፀሐይ ወደ ጮቄ ተራራ ስታዘነብል የምትመታው የትኛውን ወገን ነው?» ብለው መሐንዲሱን ጠየቁት።

ለብቸና የሚሠራው ስታዲየም ዲዛይን ግድግዳው ላይ በርቷል።

ጋሽ ሞላ ከሁለት በሬዎቻቸው አንዱን ለግንባታው ገንዘብ ማሰባሰቢያ ጨረታ የሰጡ ገበሬ ናቸው። ዘንድሮ የሚያርሱት ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ነው።

መሐንዲሱ የሕዝቡን መቀመጫ ጠቆመ። ጣሪያ ያለው የክብር እንግዶች መቀመጫ ብቻ ነው። የክብር እንግዳ ደግሞ እኛ ጋ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው፣ እሱም ካልዘነበ።

ሰብሳቢው «አስተያየቱን ወስደናል» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ጋሽ ሞላም አጨበጨቡ።

እኔ የስታዲየሙ አሠሪ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ዲዛይኑን ባለፈው ሳምንት አይቼ ነገሩ ገብቶኝ ነበር፤ ማን ይናገራል ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬም አጨበጨብኩ።

እናንተስ፣ እያወቃችሁ ያጨበጨባችሁበት ቀን አለ?